መታወቂያ የማይጠይቀው የትኛው ነው?

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፕሪንስዳል በሚባል ሰፈር በአንድ ሳሎን ምን እንደሠራሁ ከራሴ አፍ እንድትሰሙት ብዬ ነው። ኦስሎ ባለነው ሐበሾች መካከል ታሪኩ በብዙ ዓይነት ይወራል። በአንዱ ወሬ ትዳር አፍራሽ ነኝ፤ በሌላው በእምነት ወንድሟ ላይ ለፖሊስ ያሳበቀች ሰላይ። እውነቱ ከሁለቱም ይልቅ ያሳፍራል።

ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቴን እሠራለሁ። የማጠናው ባንክ በማያልፈው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ በክሪፕቶ፣ የሚያቋምሩ ድረ ገጾች የደንበኞቻቸውን ማንነት እንዴት እንደሚያጣሩ ነው። አሥራ አንድ ድረ ገጾች መርጬ አንዱን ከሌላው አወዳድር ነበር። አንዳንዱ ገና ከበሩ ላይ ፓስፖርት ይጠይቃል። አንዳንዱ በኢሜይል አድራሻ ብቻ አስገብቶ ካጫወተህ በኋላ፣ ገንዘቤን ላውጣ ስትል ፓስፖርትህን አምጣ፣ ፊትህን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረህ አሳየኝ ይላል። ሁለቱ ደግሞ ምንም አይጠይቁም ይባልላቸዋል። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሬ፣ ጥብቆቹን በቀይ፣ ልሎቹን በአረንጓዴ ቀለም ቀባኋቸው። ቀለሙን የመረጥኩት ለዓይን ስለሚመች ብቻ ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ እኮራ ነበር።

ጌዲዮንና ፌቨን ባልና ሚስት ናቸው። ኦስሎ እንደገባሁ ማደሪያ አጥቼ ስንከራተት አራት ወር ሶፋቸው ላይ ያስተኙኝ እነሱ ናቸው። እሱ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በሚጸዳበት ክፍል ይሠራል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የድምፅ መሣሪያውን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስለ ኢንተርኔት ማጭበርበር ትምህርት እንድሰጥ ተጋበዝኩና ሰንጠረዡን በትልቁ ስክሪን አሳየሁ። ትምህርቱ አልቆ ሰው ሻይ ሲጠጣ ጌዲዮን ኬኩን በወረቀት ሳህን ይዞ መጣ።

«ረዲ፣ መታወቂያ የማይጠይቀው የትኛው ነው?» አለኝ።

ለምን ፈለግከው አላልኩትም። እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። አባቴ እንኳ ምን እንደማጠና አይገባውም፤ እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር» ትላለች። ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው በማግኘቴ ብቻ ፊቴ በራ። የቱ ድረ ገጽ እንደሆነ ነገርኩት። እዚህ ያሉት ባንኮች የቁማር ክፍያ ቢያግዱም በክሪፕቶ እንደሚታለፍ ነገርኩት። ኖርዌይ የሚኖር ሰው አንቀበልም የሚሉት እንኳ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲመጡባቸው እንደማይከለክሉ አከልኩበት። እጁ ሳህኑን ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቼዋለሁ። ያን ዕለት ምሽት ሰንጠረዡን በስልክ ላክሁለት።

አምስት ወር አለፈ። የካቲት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ሰው እንደ ዳክዬ የሚራመድበት ሰሞን። ያኔ የምኖረው ላምበርትሴተር፣ ከአንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት በተከራየሁት ክፍል ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ደወሉ ተደወለና በሩን ስከፍት ፌቨን ቆማለች። ካፖርቷን በሥራ ልብሷ ላይ ደርባለች። ሰላምታ የለም። ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ሰንጠረዤ ነው። ከታች ስሜ አለ።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

«አረንጓዴ ቀባሽው? አረንጓዴ ማለት እለፍ ማለት አይደል? ጫማሽን አድርጊና ነይ።»

«ፌቪ፣ ግቢና ንገሪኝ...»

«ፌቪ አትበዪኝ። መኪናው እየሠራ ነው።»

መኪና ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ዝም ብላ ነዳች። ከዚያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትናገር ጀመር፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ ነበር የምትወረውረው። ቤት ለመግዛት ባንኩ ከራሳችሁ አምጡ የሚለው ገንዘብ፣ ኤገንካፒታሉ፣ ስድስት ዓመት በትርፍ ሰዓት ሥራ ያጠራቀሙት፣ ሁሉም እዚያ አረንጓዴ ድረ ገጽ ውስጥ ገብቷል። ጌዲዮን ሲያሸንፍ፣ ሲሸነፍ ከርሞ በመጨረሻ የተበላውን መልሶ አግኝቷል። ላውጣ ሲል ግን፣ ምንም አይጠይቅም ያልኩት ድረ ገጽ ማንነትህን አረጋግጥ አለው።

«ታዲያ ያረጋግጥ» አልኩ።

ፍሬኑን ረገጠች፤ መኪናው ተንሸራቶ ቆመ።

«በማን ስም የከፈተው መሰለሽ? በእናቴ! ‹በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲመጡባቸው አይከለክሉም› ያለው ማነው?»

እናቷ እማማ ሙሉነሽ ከሻሸመኔ በሦስት ወር ቪዛ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ጌዲዮን ድረ ገጹ ማረጋገጫ ሲጠይቀው ፓስፖርታቸውን ፎቶ አንስቶ፣ ፊታቸውንም ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ በስልኩ ቀርጿቸዋል። ቪዛው እንዲራዘምልዎ ነው ብሏቸው። ፌቨን ነገሩን ያወቀችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። እናቷ ቁርስ ላይ «የቪዛው ፎቶ ተቀባይነት አገኘ ወይ? ፊት ማዞሩን እንኳ አሁን ለምጄዋለሁ» ሲሉ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴን በቪዲዮ ሊያነጋግሯት ቀጠሮ ሰጥተዋል» አለች፣ መኪናውን እንደገና እያስነሳች። «እንግሊዝኛ አትችልም። አስተርጓሚ ይፈቀዳል ብለዋል። እንዲገባ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ታወጪልናለሽ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ግን የተኛሁበት ሶፋ ነው።

ጌዲዮን በሩን ሲከፍት አላወቅኩትም። ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። «መጣሽ? ‹ምንም አይጠይቅም› አልሽኝ እኮ» ነው ሰላምታው።

«እስከ ዛሬ አይጠይቅም ነበር።»

«‹እስከ ዛሬ› የሚል ሰንጠረዥሽ ላይ የለም!»

«ቁማር ተጫወት ብዬሃለሁ?»

«ታዲያ ለምን የጠየቅኩሽ መሰለሽ? ለስብከት?»

ሳሎን ውስጥ እማማ ሙሉነሽ ተቀምጠዋል። ነጭ ቀሚስ፣ ጥለት ያለው ነጠላ፣ በጥንቃቄ የተጎነጎነ ሽበት። ለባለሥልጣን እንደሚቀርቡ ነበር የለበሱት። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ።

«አንቺ ነሽ የምታስተረጉሚልኝ? ተባረኪ ልጄ። እኔማ የፈረንጅ አፍ ስለማላውቅ እንዳላበላሽባቸው ፈርቼ ነበር።»

ጌዲዮን ወደ ኩሽና ጎትቶ ወሰደኝ። ፌቨን ተከተለችን፤ በሩንም ዘጋችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማቸውንና ልደታቸውን እውነተኛውን ይናገሩ። የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝ።

«ሊዋሹ ነው እንዴ?»

«እሷ አትዋሽም፤ አንቺ ነሽ የምትተረጉሚው» አለች ፌቨን። «እናቴ ቁማር የሚለውን ቃል ከሰማች እዚሁ ነው የምትሞተው። ጸሎት የምትመራ ሴት ናት። ገንዘቡ ይውጣና ነገሩን እንቀብረዋለን። እሱን ደግሞ በኋላ እኔ አውቅለታለሁ።»

ባሏን አላየችውም። እሱም አላያትም። ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነበር፤ በዚያ ኩሽና ውስጥ አንዳቸው ሌላውን የጠሉትን ጥላቻ ሁሉ እኔ ላይ ለመጣል እንደተስማሙ ያህል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ አላልቅ አለ። እማማ ሙሉነሽ ስለ ቤተሰቦቼ ጠየቁኝ። ፌቨን እየመጣች የእናቷን ነጠላ ታስተካክላለች። ጌዲዮን ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መብራቱን አስሬ ያጠፋል፣ ያበራል። ሰዓቱ ሲደርስ ባልና ሚስቱ ከካሜራው ዕይታ ወጥተው ከስክሪኑ ጀርባ፣ በግድግዳው ጥግ ቆሙ። እኔ ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ወጣት ብቅ አለ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጓል፤ ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ብቻ። የየት አገር ሰው እንደሆነ በአነጋገሩ መለየት አልቻልኩም። አስተርጓሚዋ ማናት አለ። የልጅ ልጃቸው ነኝ አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም።

ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ዘመን ጠየቀ። እማማ በኩራት ተናገሩ። ፓስፖርታቸውን ከአገጫቸው ሥር ያዙ፤ ፊታቸውን ሳይታዘዙ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞሩ።

«ሂሳቡን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው?» አለ ወጣቱ።

ወደ እማማ ዞርኩ። «ወደዚህ አገር የመጡት በፈቃድዎ ነው ወይ ይላል።»

«አዎ፣ በፈቃዴ ነው። ልጄ ጠርታኝ መጣሁ።»

«አዎ፣ ራሳቸው ናቸው የከፈቱት» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት የትኛውን ጨዋታ ነው?»

«ቀኑን በምን ያሳልፋሉ ይላል።»

«እጸልያለሁ። ሹራብ እሠራለሁ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ትንሽ እናወራለን።»

«የካርታ ጨዋታ ነው ይላሉ።»

ወጣቱ ጻፈ። ከስክሪኑ ጀርባ ጌዲዮን ጡጫውን ጨብጦ ጭንቅላቱን በደስታ ነቀነቀ። እኔም፣ ላልዋሻችሁ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ደስ አለኝ። እየተሳካልኝ ነበር።

ከዚያ ወጣቱ መጻፉን አቆመ፤ ወደ ካሜራው ቀረበ።

«አሁን የምጠይቀውን ቃል በቃል ንገሪያቸው። ይህን እንዲያደርጉ የሚያስገድዳቸው ወይም ምን እንደሚሉ የሚነግራቸው ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ?»

አሥራ አንዱን ድረ ገጾች ስመረምር ይህን የሚጠይቅ አንድም አላገኘሁም ነበር። ሊጠየቅ ይገባል ብዬ በጥናቴ መደምደሚያ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ምዕራፍ አማካሪዬ አመስግኖኛል። አፌን ከፈትኩ፤ የምተካበት ሌላ ጥያቄ ግን አልመጣልኝም። ጌዲዮን በእጁ ቀጥዪ ቀጥዪ ይለኛል።

በዚህ መሃል ጠረጴዛው ሥር አንድ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ እማማ ሙሉነሽ በሹክሹክታ። «ባለሥልጣን ፊት እኔም ይጠፋብኛል። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ይህ ነው ያሸነፈኝ። ሕሊና ወይም ሕግ አይምሰላችሁ። በምዋሽባት ሴት መጽናናቴ ነው።

«እማማ» አልኩ፣ «ይሄ ሰውዬ የቪዛ ሰው አይደለም።»

«ረድኤት!» አለች ፌቨን ከጥግ። ወጣቱ ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ።

«ማነው ታዲያ?» አሉ እማማ።

«የቁማር ቤት ሠራተኛ ነው። ጌዲዮን በእርስዎ ስምና ፎቶ በኢንተርኔት ቁማር ሲጫወት ነበር። ገንዘቡ ተይዟል። ተጫዋቿ እርስዎ እንደሆኑ ካመነ ይለቀቃል። አሁን የጠየቀው፣ የሚያስገድድዎ ሰው አለ ወይ ብሎ ነው።»

እጃቸው ከጉልበቴ ላይ ተነሣ። ወደ ጥጉ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጌዲዮን አንገቱን ደፋ። ፌቨን «እማ፣ እሺ ብቻ በይው፣ በኋላ አስረዳሻለሁ፣ ቤታችን ነው እኮ የሚሄደው» እያለች በሹክሹክታ ለመነች።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ።

«ቃል በቃል ንገሪው» አሉኝ። «አንዲትም እንዳትጨምሪ። ይህን ጨዋታ አላውቀውም። ፎቶዬ ለቪዛ ነው ተብዬ ነው የተነሣሁት። ስሜንና ፊቴን ከዚያ ቤት አውጡልኝ።»

ነገርኩት። በወጣቱ ፊት ላይ ምንም አልታየም። «አመሰግናለሁ። ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ያለው ገንዘብም በደንባችን መሠረት አይመለስም» አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጌዲዮን ነው። ላፕቶፑን በጥፊ ዘጋው። «አራት ወር! አራት ወር ሶፋዬ ላይ ተኝተሽ፣ እንጀራዬን በልተሽ! መጀመሪያ ስትነግሪኝ አንደበትሽ ተፈትቶ ነበር፤ ዛሬ ነው እግዚአብሔር ትዝ ያለሽ?»

እውነቱን ነበር።

«አንድ ቃል ነበር የቀረሽ!» ፌቨን እየጮኸች ታለቅስ ነበር። «ሁለቱን ዋሽተሽ ሦስተኛው ላይ ጻድቅ ሆንሽብን? አንድ ‹የለም› ማለት! ስድስት ዓመቴን፣ የገና ሌሊት ሳይቀር የሠራሁትን!»

«ፌቨን» አሉ እናቷ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «አንቺም ታውቂ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት እማ፣ በእግዚአብሔር ስም!»

«ዛሬ ጠዋት አውቀሽ ነዋ ነጠላዬን ስታስተካክይልኝ የዋልሽው።»

ፌቨን ወደ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ካፖርቴን ሳነሣ እማማ ጠሩኝ። ለምስጋና መስሎኝ ነበር። ቂሉ ልቤ።

«ቅድም ሁለቱን ጥያቄ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ነገርኳቸው። ሂሳቡን ራሴ ከፈትኩ፤ ካርታ እጫወታለሁ።

«በእኔ ስም?»

«አዎ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱ ፊቴን ወሰደ፤ አንቺ አፌን። አንቺን ከእሱ አልለይሽም። ይቅርታ አላደርግልሽም፤ ጸልዬበት ቢለወጥ እነግርሻለሁ። አሁን ሂጂልኝ።»

ከፕሪንስዳል ላምበርትሴተር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሁለቴ ወደቅኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እማማ ሙሉነሽ ቪዛቸው ሳያልቅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጌዲዮን ለአንድ ወር ከቤት ወጥቶ ጓደኛው ጋ ተቀመጠ፤ ኋላ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ለቁማር ሱሰኞች ባዘጋጀው ሕክምና ገባ። አሁን አብረው ናቸው ይባላል፤ ያው በኪራይ ቤት። ፌቨን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞራለች። ሰዎች ሁለት ወገን ሆነው ተከራከሩብኝ፤ ሁለቱም ወገን ግን አጠገቤ አይቀመጥም። አልቀየማቸውም። እኔም አጠገቤ መቀመጥ ከብዶኝ ነበር።

ጥናቴን አልተውኩትም። ሰንጠረዡን ግን ለማንም አላሳይም፤ ቀለሙንም አጥፍቼዋለሁ። አማካሪዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ለዓይን አይመችም አልኩት።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ሥራችሁ ማወቅ ነው። ሐኪም ናችሁ፣ ጠበቃ ናችሁ፣ እንደኔ ተማሪ ናችሁ። አንድ ቀን የምትወዱት ሰው ኬክ ይዞ ይመጣና የምታውቁትን ይጠይቃችኋል፤ እናንተም የምታውቁት ስለተፈለገ ብቻ ደስ ይላችኋል። በዚያች ደስታ መሃል እጁን እዩት። ለምን ፈለግከው በሉት። ይቀየማችሁ። የሚጠይቁ ድረ ገጾችና የማይጠይቁ ድረ ገጾች እያልኩ ዓመታት ስለያቸው የከረምኩት እኔ ራሴ የማልጠይቅ ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ግንቦት ለእማማ ሙሉነሽ ሻሸመኔ ደወልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ያን ድረ ገጽ ፎቶአቸውንና ፓስፖርታቸውን እንዲያጠፋ ስጽፍለት ቆይቼ፣ በዚያ ሰሞን መልስ አግኝቼ ነበር።

«ረድኤት ነኝ እማማ» አልኩ።

«አውቄሻለሁ። ጠፋልኝ?»

«አልጠፋም። የፎቶው ባለቤት እርስዎ መሆንዎ ሳይረጋገጥ አናጠፋም ነው የሚሉት። ፓስፖርትዎን ይዘው እንደገና በቪዲዮ እንዲቀርቡ ይፈልጋሉ።»

«እንደገና ፊቴን?»

«አዎ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«እሳቸውን ልጠይቅ አልኳቸው።»

«እና አሁን እየጠየቅሽኝ ነው?»

በስማቸው ከመናገሬ በፊት እየጠየቅኳቸው መሆኔን ይህን እስኪሉኝ ድረስ አላስተዋልኩትም ነበር። «አዎ እማማ» አልኩ፣ «እየጠየቅኩዎት ነው።»

ስልኩን ዘጉት።